ምዕራፍ 7፦ ሰም የሚሰምጥበት ጠርሙስ

ጠጅ ጥሎ የሚያውቅ ሰው ሰም ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ይነግራችኋል። ከነሰፈፉ የተበጠበጠ ማር ጥቂት ቀን ሲቆይ ሰሙ ከላይ ይከማቻል፤ ይገፈፋል፣ ይጨመቃል፣ ከዚያ ወይ ጧፍ ይሆናል ወይ ገበያ ይወጣል። ምክንያቱ እፍጋት ነው። አንድ ሚሊ ሊትር የንብ ሰም 0.96 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ያንኑ ያህል ውሃ ደግሞ 1 ግራም። ሰም በውሃ ውስጥ ይሰምጣል የሚል ቢመጣ ጠጅ ቤት ውስጥ የሚሰማው አያገኝም።

ላቫ ላምፕ በሚባለው የጌጥ መብራት ውስጥ ግን ሰሙ ታች ሰምጦ ነው የሚገኘው። ከጠርሙሱ ሥር ያለው አምፖል ሲበራ ሰሙ ቀስ ብሎ ይቀልጣል፣ ያብጣል፣ ከፊሉ ተቆርጦ ወደ ላይ ይወጣል፤ አናቱ ጋ ሲደርስ ይበርድና ተመልሶ ይወርዳል። ደህና መብራት ይህን ለዓመታት ሲያደርግ ይኖራል። ከዚያ አንድ ቀን ውሃው ይደፈርሳል፣ ቀለሙ ይለቃል፣ ሰሙ ወይ ከታች አልነሣ ወይ ከላይ አልወርድ ይላል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሰሙ ተበላሸ ብሎ ይደመድማል። እኔ ደግሞ ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት የሚታከመው በአብዛኛው ውሃው ነው፣ ሰሙን መንካት አያስፈልግም ለማለት ነው።

የመብራቱ መነሻ የእንቁላል መቀቀያ ሰዓት ነው። ዶናልድ ደኔት የሚባል እንግሊዛዊ በታሸገ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት የማይዋሃዱ ፈሳሾች አድርጎ፣ ከእንቁላሉ ጋር ውሃ ውስጥ ሲቀቀል አንደኛው ቀልጦ ወደ ላይ ሲወጣ እንቁላሉ በስሏል የሚል ዕቃ ሠርቶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ የነበረው ኤድዋርድ ክሬቨን ዎከር ይህን ዕቃ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ አየና ልቡ ተሰረቀ። ዓመታት ፈጅቶ፣ ከሌሎች መካከል የብርቱካን ስኳሽ ጠርሙስ እየተጠቀመ ሞከረ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ዶርሴት አውራጃ፣ ፑል ከተማ ላይ ክሬስትወርዝ የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ አስትሮ የተባለውን መብራት ለገበያ አቀረበ። በ1968 በአሜሪካ በተሰጠው የፈጠራ መብት ላይ የተጻፈው ስም ግን የዎከር አይደለም፤ ዴቪድ ጆርጅ ስሚዝ ነው፤ ባለመብቱ ኩባንያው ሆኖ። ሁለት አሜሪካውያን በ1965 ሐምቡርግ ኤግዚቢሽን ላይ መብራቱን አይተው መብቱን ገዙና ቺካጎ ላይ ማምረት ጀመሩ። የእንግሊዙ ኩባንያ ከ1992 ወዲህ ማትሞስ ይባላል፤ ዛሬም እዚያው ፑል ውስጥ ይሠራል።

ፈጣሪዎቹ የገጠማቸው ችግር ከላይ የተናገርነው ነው። ፓራፊን፣ ማለትም የተራው ሻማ ሰም፣ እፍጋቱ 0.9 ግድም ነው፤ ከንብ ሰምም ይቀላል። ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር ቢያደርጉት ቀዝቅዞም ሞቆም ከላይ ተኝቶ ይቀራል እንጂ ወደ ታች አይመለስም። ስለዚህ ሰሙን ማክበድ ነበረባቸው። የመረጡት ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባለውን ፈሳሽ ነው። እፍጋቱ 1.59 ነው፤ በውሃ አይሟሟም፣ ከሰም ጋር ይዋሃዳል፣ እሳት አይዘውም። ትንሽ ጠብ ሲደረግበት ሰሙ ከውሃ በጥቂቱ ብቻ የከበደ ይሆናል። "በጥቂቱ" የሚለው ቃል ላይ ቆም እንበል፤ የመብራቱ ጤናም ሕመሙም እዚያ ነው።

ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ እፍጋቱ ከ0.998 ወደ 0.983 ይወርዳል፤ አንድ ተኩል በመቶ ብቻ። ሰም ግን ከውሃ በብዙ እጥፍ ያብጣል፤ ፓራፊን ከጠጣርነት እስኪቀልጥ ድረስ ይዘቱ ከ10 በመቶ በላይ ሊጨምር ይችላል። ሲቀዘቅዝ ከውሃው የሚከብደው ሰም ሲሞቅ ከውሃው ቀልሎ የሚገኘው በዚህ የማበጥ ልዩነት ነው። ላይ ሲደርስ ጥቂት ዲግሪ ይበርድና እንደገና ይከብዳል። ስለዚህ በፈሳሹ እፍጋት ላይ የአንድ በመቶ ስሕተት እንኳ ከተፈጠረ ሰሙ ወይ ሥሩ ላይ ይቀመጣል ወይ ጣራው ላይ ይለጠፋል። ሰሙ ምንም ሳይሆን መብራቱ የሞተ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን በዓይን ለማየት ላቫ ላምፕ አያስፈልግም። አንድ ፍሬ ንጹሕ የንብ ሰም ይያዝ፣ ጤፍ ጤፍ የሚያህሉ የአየር አረፋዎች እንዳይለጠፉበት በእርጥብ ጣት ይታሽ፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይጣል፤ ይንሳፈፋል። አሁን ያው ሰም ዋራጊ በሚባለው፣ 40 በመቶ አልኮል ባለው የዩጋንዳ አረቄ ውስጥ ይጣል፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ጠንከር ባለ ካቲካላ ይሞክረው። ይሰምጣል። 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ እፍጋቱ 0.948 ስለሆነ ሰሙ ይከብደዋል። ከዚያ በማንኪያ ውሃ እየጨመሩ፣ እያማሰሉ መሄድ ነው። የአልኮሉ መጠን ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ሰሙ መነቃነቅ ይጀምራል፤ እንደ ሰሙ ዓይነት ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ፣ መሐል ላይ ወይ ሳይወጣ ወይ ሳይወርድ የሚንጠለጠልበት ቦታ ይገኛል። ከዚያ አንድ ማንኪያ ውሃ ቢጨመር ይወጣል። ላቫ ላምፕ የሚጠግን ሰው ሥራው በሙሉ ይቺን ቦታ መፈለግ ነው።

እንግዲያስ በንብ ሰምና በዋራጊ መብራት እንሥራ የሚል አይጠፋም። ሒሳቡ ይሠራል፣ ነገር ግን አይደረግም። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ነው፤ አልኮል ደግሞ በ78 ዲግሪ ይፈላል፣ ከዚያ በታችም ተቀጣጣይ እንፋሎት ይሰጣል። በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከበራ አምፖል በላይ፣ ይህን ማስቀመጥ ለጌጥ ተብሎ ቤት ማቃጠል ነው። ሙከራው በቀዝቃዛው ይበቃል።

አሁን መብራቱን ናሙዎንጎ እናስገባው። ናሙዎንጎ ከካምፓላ መሐል በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከኢንዱስትሪ ሰፈሩና ከባቡር ሐዲዱ ጥግ ያለ ሰፈር ነው፤ ከካባላጋላና ከካንሳንጋ ጋር ሐበሻ ከሚገኝባቸው የከተማዋ ሰፈሮች አንዱ። ከለንደን የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት መጣ እንበል፤ ወይም ከሰልባጅ ዕቃ መሐል ተገኘ። የእንግሊዝ ከሆነ መሰኪያው ችግር የለበትም፤ ዩጋንዳ የምትጠቀመው ያንኑ ባለ ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ሶኬትና 240 ቮልት ነው። የአሜሪካ ከሆነ 120 ቮልት ስለሚፈልግ ያለ ትራንስፎርመር መሰካት አምፖሉን ወዲያው ማቃጠል ነው። አዲስ አበባ ቢሄድ ደግሞ አስማሚ ይፈልጋል።

ከመክፈታችን በፊት የሐሰት ሕመሞችን እናውጣ። አንደኛውና ዋናው አምፖሉ ነው። ላቫ ላምፕ የሚሠራው በብርሃኑ ሳይሆን በሙቀቱ ነው። ኤልኢዲ አምፖል ቢገባበት ያምራል፣ ሰሙ ግን አይነሣም። ኢትዮጵያም ዩጋንዳም ኃይል ለመቆጠብ ሲሉ የክሩን አምፖል በቆጣቢ አምፖል ሲያስተኩ ስለኖሩ፣ ትንሿን የ25 ወይም የ40 ዋት አምፖል ለማግኘት ዛሬ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ይልቅ የፍሪጅና የኦቨን መለዋወጫ የሚሸጥበትን መጠየቅ ይሻላል። ለጫጩት ማሞቂያ የሚሸጠውን ግን አይሞክሩ፤ ሙቀቱ ጠርሙሱን ይሰነጥቃል። ሁለተኛው የመብራት ኃይል መዋዠቅ ነው። ለ240 ቮልት የተሠራ የክር አምፖል 200 ቮልት ብቻ ሲደርሰው ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ የ40 ዋቱ የ30 ዋት ሥራ ይሠራል። ሰፈሩ ሁሉ ምግብ በሚያበስልበት ምሽት ሰሙ አልነሣ ብሎ፣ እኩለ ሌሊት ላይ መጫወት ከጀመረ ሕመሙ ከጠርሙሱ ሳይሆን ከመስመሩ ነው። ሦስተኛ፣ ትዕግሥት። ከተሰካ በኋላ ሰሙ በወጉ እስኪንቀሳቀስ ድረስ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ቤቱ ከቀዘቀዘ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

መንገድ ላይ የተናወጠ ጠርሙስም ይደፈርሳል፤ በተለይ ሰሙ ሳይጠጥር ከተንቀሳቀሰ። ሰሙ በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች ሆኖ ውሃው ውስጥ ይበተናል፣ ውሃውም የአብሽ ውሃ መስሎ ይቀራል። ለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት መክፈት ሳይሆን ማብራትና ማጥፋት ነው፦ ቀን ሰባት ስምንት ሰዓት ይበራል፣ ሌሊት ይጠፋል፣ ሳይነካ ያድራል። የተበተነው ሰም እየተገናኘ ወደ ዋናው ይመለሳል። የከፋው ብዙ ዙር ይፈልጋል። የሚጠግኑ ሰዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው፤ ቢታገሡ ግማሹ ሥራ ባላስፈለገ ነበር። የፀሐይ ጉዳት ግን በማብራት አይመለስም። ካምፓላ ከምድር ወገብ ብዙም የማትርቅ ከተማ ናት፤ መስኮት ላይ የተቀመጠ ጠርሙስ ቀለሙን ፀሐይ ትበላዋለች።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ውሃው አልጠራም ካለ ይከፈታል፤ መብራቱ እ.ኤ.አ. ከ1970 በኋላ የተሠራ መሆኑ ከታወቀ ብቻ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የጌጡ ቆብ ሲነሣ ከሥሩ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እንደ ቢራ ጠርሙስ ያለ ቆርኪ ነው። ጠርሙሱ ሌሊቱን ሙሉ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሰሙ ድንጋይ መሆን አለበት። ቆርኪውን በአንድ ጊዜ ከመገንጠል ዙሪያውን ትንሽ ትንሽ እያነሡ መክፈት ይሻላል፤ ሳይጣመም ከወጣ ተመልሶ ይገጠማል። ከመፍሰሱ በፊት ውሃው እስከየት እንደነበረ በጠርሙሱ ላይ በፕላስተር ምልክት ይደረግ። ከላይ የቀረው ባዶ ቦታ ለይስሙላ የተተወ አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ ሲሞቅ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምራል፣ ሰሙም በበኩሉ ያብጣል፤ አየሩ ተጨምቆ ያንን ካልተቀበለ የሚቀበለው መስታወቱ ነው።

ከዚያ ውሃው በቀስታ፣ በጠርሙሱ ጎን እያንሸራተተ ይቀዳል። አሮጌው ፈሳሽ ወዲያው አይደፋ፤ በንጹሕ ጠርሙስ ይቀመጥ፣ ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል። ጠርሙሱ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሮ ማለቅለቅ፣ አረፋ መስጠት እስኪያቆም ድረስ መድገም። መነቅነቅ አይገባም፤ ከሥሩ ያለው የሽቦ ሞላ ሰሙን ይዞታል፣ ሰሙ ከተላቀቀ ይሰባበራል። ሞላው ለጌጥ የገባ አይደለም፤ ከላይ ቀዝቅዘው የወረዱት ጠብታዎች በላዩ ሲያርፉ ሞቆ ቆዳቸውን ይሰብርና ከዋናው ሰም ጋር ያገናኛቸዋል። ዝጎ ከተገኘ የውሃው መደፍረስ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል።

የሚሞላው ውሃ የቧንቧ መሆን የለበትም። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ኋላ ከምንጨምረው ሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል። አዲስ አበባ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣ ውሃ የሚደርሰው ሰው ሳሙና አረፋ አልሰጥ ሲለው ያየዋል። የሚያስፈልገው ዲስቲልድ ውሃ ነው፤ ነዳጅ ማደያና ጋራዥ የባትሪ ውሃ ብለው የሚሸጡት። ናሙዎንጎ ለኢንዱስትሪ ሰፈሩ ቅርብ ስለሆነ ይህ ችግር አይሆንም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የባትሪ አሲድም ተመሳሳይ ጠርሙስ ውስጥ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ይሸጣል። ጽሑፉን ያንብቡ።

በንጹሕ ውሃ ብቻ ተሞልቶ ሲበራ ሰሙ ይቀልጣል፣ ነገር ግን እንደ ጉብታ ሆኖ ከሥር ይቀመጣል። ሁለት ነገር ይጎድለዋል። የመጀመሪያው ሳሙና ነው። ሰምና ውሃ ስለማይዋደዱ በመካከላቸው ያለው የገጽ ውጥረት ሰሙን አንድ አድርጎ ይዞታል፤ ሳሙና ያንን ያላላዋል፣ ሰሙም ተቆርጦ መነሣት ይችላል። መጠኑ ግን ጠብታ ነው። ቀለም የሌለው ላርጎ ተገኝቶ አንድ ጠብታው በግማሽ ብርጭቆ ዲስቲልድ ውሃ ይበረዝ፤ ከብርዙ በሲሪንጅ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ ይጠበቅ። የበዛበት ጠርሙስ ምልክቱ ሰሙ ወደ ሽምብራ መሰል ኳሶች መበታተኑና ከሥር ሳይገናኙ መከመራቸው ነው። ይህ ከሆነ ማስተካከያው ከውሃው ቀንሶ በንጹሕ መተካት ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር መጨመር ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ዋራጊው ላይ ውሃ ስንጨምር እንዳደረግነው፣ እዚህም የምናደርገው ፈሳሹን ማክበድ ነው፣ ሰሙ እንዲነሣ። የገበታ ጨው ይሠራል፣ ሞላውን ግን ያዝገዋል፤ ፋርማሲ የሚገኘው ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ኢፕሰም ጨው የሚሉት፣ ይሻላል። በሙቅ ዲስቲልድ ውሃ ከዚህ በላይ አልሟሟ እስኪል ድረስ ይሟሟል፣ ይቀዘቅዛል፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠለላል። መብራቱ በርቶ፣ ሰሙ ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ሳለ፣ ሁለት ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ይጨመርና ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይጠበቃል። እንደገና ሁለት ሚሊ ሊትር። ጨዋማው ውሃ ከባድ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሰሙ ዙሪያ ይከማቻል፤ ያኔ ሰሙ በድንገት ብድግ ሊል ይችላል። ይህ ያታልላል። ተደባልቆ እኩል ሲሆን ተመልሶ ይቀመጣል። ስለዚህ መነሣት ሲጀምር ያቁሙ፣ መብራቱ ቀኑን ይዋል፣ ሌሊት ይደር፣ በማግሥቱ እንደገና ይበራ፤ ፍርዱ ያኔ ነው። ሰሙ ከላይ ተለጥፎ ከቀረ ጨው በዝቷል ማለት ነው፤ ጥቂት ፈሳሽ ወጥቶ በዲስቲልድ ውሃ ይተካል። ቀለም የሚፈልግ የምግብ ቀለም አንድ ሁለት ጠብታ በመጨረሻ ይጨምር፤ ውሃውን ይቀባል እንጂ ሰሙን አይነካም።

ስለ ሰሙ። የዛሬዎቹ ኩባንያዎች ቅመማቸውን በምስጢር ይይዛሉ፤ በቤት የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ፓራፊንን ላውንደሪ ቤቶች ልብስ በደረቅ በሚያጥቡበት ፐርክሎሮኤቲሊን ያከብዱታል፣ እፍጋቱ 1.62 ስለሆነ። ይሠራል። ነገር ግን ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህን ፈሳሽ ከሰም ጋር አሙቆ ማዋሃድ እንፋሎቱን መተንፈስ ነው፤ ለጉበትም ለነርቭም ጠንቅ ነው። ውሃው ላይ የሁለት ሚሊ ሊትር ስሕተት በሁለት ሚሊ ሊትር ይታረማል፤ ሰሙ ላይ የተሠራ ስሕተት ግን አይወጣም። ለዚህ ነው ተዉት የምለው። ሰሙ አልሞቅ ቢል እንኳ ጠርሙሱን ምድጃ ላይ ማስቀመጥ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ አንድ ወጣት እንዲህ ሲያደርግ ጠርሙሱ ፈንድቶ ስባሪው ደረቱን ወግቶ ገድሎታል።

እ.ኤ.አ. ከ1970 በፊት የተሠራውን አትክፈቱ ያልኩት በካርቦን ቴትራክሎራይዱ ምክንያት ነው። ጉበትንና ኩላሊትን ስለሚጎዳ አሜሪካ በዚያ ዓመት ከቤት ውስጥ ዕቃዎች አገደችው። ታሽጎ እስካለ ድረስ ጉዳት የለውም፤ ለዓይን ደስ የሚል ዕቃ ነው። ካፈሰሰ ግን ውጪ፣ አየር ባለበት፣ በጓንት ተነሥቶ ክዳኑ የሚጠብቅ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይገባል። ከቆሻሻ ጋር አይቃጠልም፤ በእሳት ሲሞቅ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የፈጀውን ፎስጂን የሚባል ጋዝ ይሰጣል። ቱቦ ውስጥም አይደፋም። ናሙዎንጎ ላይ ይህ በተለይ ግልጽ ነው፦ የሰፈሩ ፍሳሽ ወደ ናኪቩቦ ቦይ ይገባል፣ ቦዩ በረግረጉ አድርጎ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የመርቺሰን ባሕረ ሰላጤ ይገባል፣ የካምፓላን የመጠጥ ውሃ ለአሥርት ዓመታት ሲያቀርብ የኖረው የጋባ ማጣሪያ ደግሞ ውሃውን የሚስበው ከዚያው ባሕረ ሰላጤ ነው።

የእንግሊዙ አሮጌ መብራት እግሩና ቆቡ ደህና ሆነው ጠርሙሱ ብቻ ካስቸገረ ማትሞስ ለሞዴሎቹ መተኪያ ጠርሙስ ለብቻው ይሸጣል። ከማዘዝ በፊት የአሮጌውን ጠርሙስ ቁመትና የአምፖሉን ዋት ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለትልቁ ጠርሙስ የሚሆን አምፖል ከትንሹ ሥር ሲገባ ሰሙ ጣራው ላይ ወጥቶ አይወርድም።